ከደጃፍ የቀረው ወታደር፤ የደራሲው የቮልፍጋንግ ቦርኸርት የሕይወት ታሪክ

ረጅም ዕድሜ ኖረው ስማቸው ከመቃብራቸው ጋራ የሚቀበር ብዙ ሰዎች አሉ። ጥቂት ዘመን ብቻ ኖረው ደግሞ ያነሡት ጥያቄ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍላቸው አይጠፉም። ዛሬ የሕይወቱን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ጀርመናዊው ደራሲ ቮልፍጋንግ ቦርኸርት ከነዚህ ከኋለኞቹ ወገን ነው። በዚህ ዓለም የኖረው 26 ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚህም ውስጥ በደራሲነት የሠራበት ዘመን ሁለት ዓመት ያህል ቢሆን ነው። ነገር ግን በነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ የጻፈው አንድ ቴአትር፣ የጀርመን ሕዝብ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሊሰማው ያልወደደውን ጥያቄ በአደባባይ አቆመው። ጥያቄውም፣ በትእዛዝ ሰዎችን ወደ ሞት የመራ ሰው ኃላፊነቱን ለማን ይመልሳል? የሚል ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ልጅነቱ

ቦርኸርት ሜይ 20 ቀን 1921 ዓ.ም. ሃምቡርግ በተባለችው ታላቅ የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ ፍሪትስ ቦርኸርት አስተማሪ ነበር፤ እናቱ ሄርታም በሰሜን ጀርመን ሕዝብ በሚነገረው ቋንቋ ታሪክ የምትጽፍ ደራሲ ነበረች። ለወላጆቹ አንድ ልጅ ብቻ ስለ ነበረ በፍቅርና በመጻሕፍት መካከል አደገ። ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 ዓ.ም. ገና የ11 ዓመት ሕፃን ነበርና፣ ልጅነቱ በሙሉ ያለፈው በዚያ መንግሥት ባንዲራና ሰልፍ ሥር ነው።

ትምህርት ቤት ብዙም አልሆነለትም። በ17 ዓመቱ ትምህርቱን ሳይጨርስ ተወና በሚከተለው ዓመት የመጽሐፍ ንግድ ሊለማመድ በአንድ መጽሐፍ ቤት ገባ። ልቡ ግን ከቴአትር ላይ ስለ ነበረ ሄልሙት ግሜሊን ከተባለ ተጫዋች ዘንድ የቴአትር ትምህርት ይማር ነበር። ግጥምም ይጽፍ ነበር። በ1940 ዓ.ም. የናዚ መንግሥት የምሥጢር ፖሊስ የሆነው ጌስታፖ በግጥሞቹ ምክንያት ይዞ መረመረው፤ ብዙም ሳይቆይ ለቀቀው። በ1941 ዓ.ም. መጋቢት ወር የተጫዋችነት ፈተናውን አልፎ ሊውነቡርግ በተባለች ከተማ ከሚገኝ የቴአትር ጓድ ጋራ ተቀጠረ። ይህ የደስታ ዘመን የቆየው ሦስት ወር ያህል ብቻ ነው። በዚያው ዓመት በጁን ወር፣ የጀርመን ጦር ሶቪየት ኅብረትን በወረረበት ወር፣ ለውትድርና ተጠራ።

ጦርነትና ወህኒ ቤት

ሥልጠናውን በቫይማር ከተማ ከጨረሰ በኋላ በዚያው ዓመት ክረምት ወደ ምሥራቅ ግንባር ተላከ። የዚያ ክረምት ብርድ ከጥይት ይልቅ ሰው የሚጨርስ ነበር። በ1942 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር ቦርኸርት የግራ እጁን የመካከለኛ ጣት በጥይት አጣ። እርሱ እንደ ተናገረው አንድ የሩሲያ ወታደር ድንገት ደርሶበት ሲታገሉ ጠመንጃው ባርቆ ነው። አለቆቹ ግን ከግንባር ለመሸሽ ብሎ ራሱ ጣቱን እንደ መታ ጠረጠሩት። እንዲህ ያለው ጥፋት በጀርመን ጦር ሕግ በሞት የሚያስቀጣ ነበር።

በሆስፒታል ተኝቶ ሳለ በሜይ ወር ተያዘና ወደ ኑረንበርግ ተወስዶ ለብቻው ታሰረ። ዐቃቤ ሕጉ በሞት እንዲቀጣ ጠየቀ። የ21 ዓመቱ ወጣት ከአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆኖ ሞቱን ሲጠብቅ ሰነበተ። ጁላይ 31 ቀን ጦር ፍርድ ቤቱ ከዚህ ክስ ነጻ አወጣው፤ ነገር ግን በደብዳቤዎቹ ውስጥ መንግሥቱንና ሠራዊቱን ነቅፏል በሚል ሌላ ክስ ተፈርዶበት፣ ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ እንደ ገና ወደ ግንባር እንዲመለስ ተደረገ። ከዚህ በኋላ ሦስት ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ በዚያችው በኑረንበርግ ከተማ፣ የናዚ መንግሥት ታላላቅ ሹማምንት በዓለም ፊት ለፍርድ ቀረቡ። ከነርሱም ብዙዎቹ ያደረግነው ታዘን ነው ሲሉ ተከራከሩ። ቦርኸርት ያለ በደሉ በሞት አፋፍ በቆመባት ከተማ የበደሉት ሰዎች የታዘዙ መሆናቸውን መከላከያ አድርገው ማቅረባቸው የሚያስገርም የታሪክ አጋጣሚ ነው።

በ1942 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ያለ መሣሪያ መልእክት እያመላለሰ በግንባር ሲሠራ ውርጭ እግሮቹን ጎዳው፤ የወፍ በሽታና ብርቱ ትኩሳትም ያዘው። ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ሲተላለፍ ከረመ። በ1943 ዓ.ም. የበጋ ወራት ለዕረፍት ወደ ሃምቡርግ በመጣ ጊዜ የተወለደባት ከተማ በእንግሊዝና በአሜሪካ አውሮፕላኖች ድብደባ ፈርሳ አገኛት። በጥቂት ቀንና ሌሊት ውስጥ ከ30 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ አልቆባት ነበር።

ጤናው ስለ ተበላሸ ከውጊያ ወጥቶ ለወታደሮች ቴአትር እንዲያሳይ ሊፈቀድለት በተቃረበበት ዕለት ማታ፣ በጦር ሰፈር ውስጥ ጓደኞቹን ለማሳቅ ብሎ የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩን የጎብልስን አነጋገር አስመስሎ ተጫወተ። ከሳቁት መካከል አንዱ አሳበቀበት። ለዚህ ቀልድ ሞአቢት በተባለው የበርሊን ወህኒ ቤት ብዙ ወራት ታሰረ፤ በኦገስት 1944 ዓ.ም.ም ዘጠኝ ወር እስራት ተፈረደበት። ነገር ግን መንግሥቱ ወታደር አጥሮት ነበርና ቅጣቱን ሳይጨርስ እንደ ገና ወደ ጦር ተመለሰ። በ1945 ዓ.ም. የጸደይ ወራት በፍራንክፉርት አጠገብ ለፈረንሳይ ወታደሮች ተማረከ፤ ምርኮኞቹ ሲጓጓዙም አምልጦ 600 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በእግሩ ተጉዞ፣ ጦርነቱ በአውሮፓ ካበቃ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሜይ 10 ቀን ሃምቡርግ ከወላጆቹ ቤት ደረሰ። የርሱ ቤት ግን በሩ ተከፍቶ ተቀበለው። ይህን ልብ እንድንል ያስፈልጋል፤ በኋላ የጻፈው በሩ ስለ ተዘጋበት ሰው ነውና።

የታመመው ደራሲ

ቦርኸርት ወደ ቴአትር ለመመለስ ቸኮለ። ከጓደኞቹ ጋራ ትንሽ ቴአትር ለማቋቋም ተጣጣረ፤ በሃምቡርግ የታወቀውን የሌሲንግን «ናታን ጠቢቡ» የተባለ ቴአትር ለሚያዘጋጁትም ረዳት ሆነ። ነገር ግን ጉበቱ ተጎድቶ ስለ ነበረ ትኩሳቱ አልለቀው አለ። በ1945 ዓ.ም. መጨረሻ ሆስፒታል ገባ፤ ሐኪሞቹም ሊያድኑት እንደማይችሉ ተረድተው በሚከተለው ዓመት ለፋሲካ ወደ ቤቱ አሰናበቱት።

እንግዲህ የደራሲነቱ ዘመን የጀመረው በዚህ በሕመም አልጋ ላይ ነው። በ1946 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር በኑረንበርግ ወህኒ ቤት ያየውን መሠረት አድርጎ ስለ አንድ እስረኛና ስለ አንዲት አበባ የሚተርክ ታሪክ ጻፈ። ከዚያ በኋላ አጫጭር ታሪኮቹ ተከታትለው ወጡ። ከነዚህ አንዱ «ዳቦው» የሚባለው ነው። ለብዙ ዓመታት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት ናቸው፤ በረኃቡ ዘመን ባልዮው ሌሊት ተነሥቶ ከዕለት ድርሻው በላይ ዳቦ ሰርቆ ይቆርሳል፤ ሚስቲቱም ትደርስበታለች። ሁለቱም እንዳላወቁ ይሆናሉ። በነጋታው ማታ እርሷ ዳቦ አልተስማማኝም ብላ ከድርሻዋ ታካፍለዋለች፤ እርሱም ቀና ብሎ ሊያያት አይደፍርም። እንደኛ አስተያየት ደራሲው ሐፍረት ምን እንደ ሆነ በሦስት ገጽ ያህል ያስረዳበት ጽሑፍ ነው።

ኃላፊነቱን ሊመልስ የመጣው ሰው

ስሙን ያስጠራው ግን «ውጭ፣ ከደጃፍ» የተሰኘው ቴአትሩ ነው። በ1946 ዓ.ም. መጨረሻና በ1947 መጀመሪያ መካከል፣ በብርቱው የረኃብ ክረምት፣ በስምንት ቀን ያህል ጊዜ ጻፈው ይባላል። ራሱም ሥራውን ሲያቀርብ የትኛውም ቴአትር ቤት እንደማያሳየው፣ ሕዝቡም ሊያየው እንደማይፈልግ አድርጎ ነበር።

የቴአትሩ ባለ ታሪክ ቤክማን የተባለ የ25 ዓመት የበታች ሹም ነው። ሦስት ዓመት በሳይቤሪያ ከታሰረ በኋላ እያነከሰ ወደ ሃምቡርግ ይመለሳል። ከዐይኑ ላይ ያለው መነጽር ለመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብል የተሠራው የወታደር መነጽር ነው፤ ሌላ የለውም። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱን ከሌላ ሰው ጋራ ያገኛታል፤ አንድ ልጁም በድብደባው ጊዜ ከፍርስራሽ ሥር ቀርቷል። ተስፋ ቆርጦ ኤልበ ከተባለው ወንዝ ይገባል፤ ወንዙ ግን እንደ አንዲት አሮጊት ተቆጥቶ፣ ገና ምንም ሳትኖር ብሎ ከዳር ይተፋዋል።

አንዲት ሴት አዝናለት ከቤቷ ትወስደዋለች፤ የጠፋውን የባሏን ኮትም ታለብሰዋለች። ወዲያውም ባሏ በክራንች ተደግፎ በአንድ እግሩ ይገባል። እግሩን ያጣው ቤክማን ስፍራህን አትልቀቅ ብሎ ስላዘዘው ነው። በሚስቱ የተበደለው ቤክማን በዚያችው ሌሊት ራሱ የሌላውን ሰው ቤት የሚበድል ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ቀድሞው አዛዡ ወደ ኮሎኔሉ ይሄዳል። ኮሎኔሉ ሞቅ ባለ ቤት ከቤተ ሰቡ ጋራ እራት ላይ ነው። ቤክማን የመጣው ገንዘብ ወይም ሥራ ለመለመን አይደለም። በጎሮዶክ አጠገብ ለስለላ በተላኩ ጊዜ ኮሎኔሉ የ20 ሰዎች ኃላፊነት ሰጥቶት ነበር፤ ከነዚያ 11 አልተመለሱም። በየሌሊቱ የሙታኑ እናቶችና ሚስቶች በሕልሙ እየመጡ ይጠይቁታል። አንድ ጄኔራልም በሰው አጥንት የተሠራ የሙዚቃ መሣሪያ ሲመታ በሕልሙ ያያል። ስለዚህ ኃላፊነቱን ለሰጠው ሰው መልሶ አንዲት ሌሊት ሊተኛ ይፈልጋል። የርሱ 11 ሰዎች እንቅልፍ ከነሡት የኮሎኔሉ ሺዎች እንዴት ያስተኙታል? ብሎ ይጠይቃል። ኮሎኔሉ ግን ነገሩን ለሳቅ እንደ ተዘጋጀ ጨዋታ ቈጥሮ ከልቡ ይሥቃል።

ከኮሎኔሉ በኋላ የገባበት የቴአትር ዲሬክተር ሕዝቡ እውነት መስማት አይፈልግም ብሎ ይመልሰዋል። በመጨረሻ የእናት አባቱን በር ያንኳኳል፤ የምትከፍትለት ግን የማያውቃት ሴት ናት። አባቱ ጽኑ ናዚና አይሁድን የሚጠላ ሰው ስለ ነበረ ከጦርነቱ በኋላ ጡረታውንና ቤቱን ተነጠቀ፤ እርሱና ሚስቱም በጋዝ ራሳቸውን ገደሉ። ሴትዮዋ የምታዝነው ለባከነው ጋዝ ነው።

ቴአትሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ስለ አንድ የተበደለ ወታደር የተለቀሰ ለቅሶ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ወደ ፍጻሜው ባለ አንድ እግሩ ሰውዬ ይመለሳል። ኤልበ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ሞቷል፤ ገዳዩም ቤክማን መሆኑን ይነግረዋል። የተገደለው ሰው ገዳይም መሆኑ እዚህ ላይ ይገለጣል። ቤክማን መልስ እንዲሰጠው ይጮኻል፤ እስከ አሁን ይከተለውና በርታ ይለው የነበረው ድምፅ እንኳ ጠፍቶ መጋረጃው ይዘጋል።

ቴአትሩ ሲሰማና ሲታይ

ቴአትሩ መጀመሪያ የተሰማው በራዲዮ ነው። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1947 ዓ.ም. የሃምቡርግ ራዲዮ ሲያሰማው ቤክማንን ሆኖ የተጫወተው ሃንስ ክቬስት ነበር። ቦርኸርት ግን በሚኖርበት ሰፈር የኤሌክትሪክ ኀይል ተቋርጦ ስለ ነበረ የራሱን ሥራ ሳይሰማ ቀረ። ብዙ ደብዳቤ ጐረፈ። ከፊሉ የልባችንን ተናገረልን ሲል ከፊሉ ቁስላችንን ነካካብን ብሎ ተቈጣ።

በዚያን ጊዜ በጀርመን ስለ ጥፋተኝነት ብርቱ ክርክር ነበር። ፈላስፋው ካርል ያስፐርስ በ1946 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ጥፋትን በአራት ከፍሎ አስረዳ። ይኸውም ፍርድ ቤት የሚፈርድበት ወንጀል፤ ዜጋ ሁሉ ስለ መንግሥቱ የሚሸከመው የፖለቲካ ጥፋት፤ እያንዳንዱ በኅሊናው የሚጠየቅበት የግብረ ገብ ጥፋት፤ እንዲሁም ሰው ሌላው ሰው ሲጠፋ ዝም ብሎ በመትረፉ በእግዚአብሔር ፊት የሚጠየቅበት ጥፋት ናቸው። የኑረንበርግ ዳኞች የፈረዱት በመጀመሪያው ላይ ነው። ቤክማን እንቅልፍ የሚያጣው ግን በሦስተኛውና በአራተኛው ነው። ለነዚህ ዳኛም የለም፤ ይግባኝም የለም።

የደራሲው ሕመም እየጸና ስለ ሄደ ወዳጆቹና አሳታሚዎች ተረባርበው በሴፕቴምበር 1947 ዓ.ም. ወደ ስዊስ አገር እንዲሄድ አደረጉት። እናቱ እስከ ድንበሩ ሸኘችው፤ ከዚያ ማለፍ ስላልተፈቀደላት ከዚያ ተለያዩ። በባዝል ከተማ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የመጨረሻ ጽሑፉን ጻፈ። በዚህም ሠራተኛው፣ እናቲቱ፣ ሐኪሙ፣ ካህኑ፣ እያንዳንዱ በየሙያው ዳግመኛ ለጦርነት እንዲያገለግል ቢታዘዝ እንቢ እንዲል ለመነ። ኖቬምበር 20 ቀን 1947 ዓ.ም. በዚያው አረፈ። በማግሥቱ፣ ኖቬምበር 21 ቀን፣ ቴአትሩ በሃምቡርግ ለመጀመሪያ ጊዜ በመድረክ ታየ። በራዲዮ የተሰማውን አልሰማም፤ በመድረክ የታየውንም አላየም።

የተረፈው ጥያቄ

ስለዚያች ማታ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ እውነቱን ማጉደል ይሆንብናል። የቴአትር ቤቱ ባለቤት ኢዳ ኤረ የአይሁድ ወገን በመሆኗ በናዚዎች ዘመን መድረክ የተከለከለች፣ በኋላም የታሰረች ሴት ነበረች። ቴአትሩን ያዘጋጀው ቮልፍጋንግ ሊበንአይነር ግን በ1941 ዓ.ም. ሕሙማንን መግደል ተገቢ እንደ ሆነ ሕዝቡን ለማሳመን የረዳውን ፊልም የሠራ ሰው ነው። እንግዲህ የኃላፊነት ጥያቄ የሚጮኸው በመድረኩ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ከመጋረጃው በስተኋላም ቆሞ ነበር። ይኸው ሰው በ1949 ዓ.ም. ከቴአትሩ ፊልም ሲያወጣ መጨረሻውን አለዝቦ ተስፋ ጨመረበት።

በቦርኸርት ላይ የሚቀርብ ነቀፌታም አለ። ቤክማን የሚያለቅስላቸው 11 ሰዎች ሁሉም ጀርመኖች ናቸው። ስለ ተቃጠሉት የሩሲያ መንደሮች የሚናገር የለም፤ የአይሁድም እልቂት በአንዲት ሴት አፍ ላይ የአባቱ ጥላቻ ሲነሣ በጐን ብቻ ይታያል። ቴአትሩን ያዩ ብዙ ጀርመኖች ራሳቸውን እንደ በዳይ ሳይሆን እንደ ተበዳይ ቈጥረው ከቤክማን ጋራ አለቀሱ። ይህ ነቀፌታ እውነት ነው፤ ልንሸፍነው አይገባንም። የጀርመን ሕዝብ በስሙ የተፈጸመውን ግፍ በሙሉ ዐይኑ ለማየት ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል። ቢሆንም ፍርስራሹ ገና ሳይነሣ፣ አንድ በሞት ጥላ ሥር ያለ ወጣት፣ እኔም ገድያለሁ የሚል ሰው በመድረክ ላይ ማቆሙ ቀላል ነገር አልነበረም። ከርሱ የበለጠ የበደሉት በዚያን ጊዜ ዝም ብለው ነበር።

ቦርኸርት በትውልድ ከተማው በኦልስዶርፍ መካነ መቃብር አርፏል። የጻፈው ሁሉ በ1949 ዓ.ም. ተሰብስቦ በአንድ መጽሐፍ ታተመ፤ ታሪኮቹም በጀርመን ትምህርት ቤቶች ለብዙ ትውልድ ሲነበቡ ኖረዋል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። ቦርኸርት ያሳየን የወጋውም ሳይረሳ ሲቀር የሚሆነውን ነው። ኮሎኔሉ ረሳ፤ እራቱንም በላ፤ ተኛም። ቤክማን አልረሳም፤ ስለዚህ በሩ ሁሉ ተዘጋበት። የአንድ አገር ሰዎች ለረሳው ሞቅ ያለ ቤት፣ ላልረሳው ግን ደጃፍ ብቻ የሚሰጡ ከሆነ፣ የጥፋታቸው ሁለተኛ ምዕራፍ ያን ጊዜ መጻፉ ነው። በሩን የሚያንኳኳው ሰው ልብሱ ያደፈ፣ ንግግሩም የሚያውክ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ይዞት የመጣው ነገር የርሱ ብቻ አይደለምና፣ ቢያንስ ተቀምጠን ልናዳምጠው ይገባናል እንላለን።